ኪስ ያለው ግራጫ ሻል

«ልጅዎ ይህን እንዳላደረገች ይምላሉ?»

መርማሪው ይህን የጠየቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጉንፋን የያዘውን አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። እናትየዋ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ማዶ፣ ከሴቷ ፖሊስ አጠገብ የተቀመጠችው ልጇ ጥያቄውንም ሰማች፣ ዝምታውንም ሰማች።

ከደረጃው ግርጌ፣ በነጭ አንሶላ ተሸፍና፣ የኪሮሽ መምህርቷ ተጋድማለች።

መምህርቷ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። የምትኖረው ከዚሁ ጠባብ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት ባለው ባለ ሁለት መስኮት ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሴቶች ታስተምራለች። ያን ሰሞን ተማሪዎቿ ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዷ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ናት። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሦስተኛዋ ይህችው እናት ስትሆን፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ጠዋት ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል መቁጠር ስለጀመረች ልብስ ሰፊዋ «ፊደሏ» የሚል ስም አውጥታላት ነበር። ስሙ ጸደቀ። መምህርቷ ራሷ ሳትቀር ፊደሏ ትላት ነበር።

የፊደሏ ልጅ ደግሞ የመምህርቷን ቤት የምታጸዳና ምግብ የምታበስል ናት። ማክሰኞ ጠዋት በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሴትዮዋ የሞተችው ሰኞ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አለ። ከደረጃው ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰብሯል። ቁልፍ ያላት ልጅቷ ብቻ ናት። ሰኞ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች ስትጠየቅ ግን «አልናገርም» ብላ አንገቷን ደፋች።

ፊደሏ እንዴት ትማል? ሰኞ ማምሻውን ልጇ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ ገብታ ነበር። ምን ሆንሽ ብትላት «ምንም» አለቻት። እሑድ ዕለት ደግሞ ልጅቷ በዚሁ ደረጃ ላይ ቆማ መምህርቷን «እንደ ክር የምትጎትቺኝ አይደለሁም!» ስትላት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ፊደሏ በዕድሜዋ ያላየችውን አይቻለሁ ብላ አታውቅም። ሆዷ ልጄ አታደርገውም ይላል፤ ምላሷ ግን ታሰረ። በዚያች ቅጽበት ልጇ በበሩ ክፍተት አንዴ አየቻትና ፊቷን መለሰች።

መርማሪው መልስ ሲያጣ አልተቆጣም። ቀጭን፣ የኮቱን ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሲጠይቅ የሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው እጅ ነው።

«ትራሱን ማን አደረገላት?» አለ።

«የቱን ትራስ ጌታዬ?»

አንሶላውን ከራስጌ በኩል ገለጥ አደረገው። ከመምህርቷ ጭንቅላት ሥር ከወንበር ላይ የተነሣ ትራስ ለስለስ ተደርጎ ተቀምጧል።

«ልጅዎ እኔ አላደረግሁም፣ አልነካኋትም ትላለች። የወደቀ ሰው ትራስ ይዞ አይወድቅም። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ አጠገቧ ሰው ነበረ። ይህንንስ ያውቁታል?»

የመምህርቷን የግራ እጅ አነሣ። በደረቁት ጣቶች መካከል አንድ ስንዝር የሚሆን ግራጫ ክር አለ፤ ጫፉ ተበጥሷል።

«ክር ነዋ» አለች ፊደሏ።

«ክር መሆኑንስ እኔም አውቄዋለሁ። ግን ለምን እንዲህ ተጠቀለለ? ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ክር ቀጥ ያለ ነው።»

ፊደሏ ክሩን አየችው። ይህን ታውቃለች፤ ካወቀችም ገና አምስት ሳምንቷ ነው።

«የተፈታ ነው ጌታዬ። አዲስ ክር ቀጥ ይላል። አንዴ ተሠርቶ ከተፈታ ግን እንደተገመደ ጸጉር ይጠቀለላል። መምህራችን እትዬ ስሕተት ካየች ትፈታለች። ጫፉን ይዛ ስትስበው የወር ሥራ እንደ ውሃ ይፈሳል። ስሕተቱ የጀመረበት ካልደረሰች አታቆምም።»

«የማንን ሥራ ነበር የምትፈታው?»

«አላውቅም።»

«የማንም ይሁን፣ ስትሞት እየፈታች ነበር» አለና ክሩን ወረቀት ውስጥ ጠቀለለው።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ተጠራች። የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጣች።

«ሰኞ ምን ተደረገ?»

«ምን ይደረጋል? እንደወትሮው ተቀመጥን፣ ሠራን፣ ተሳሳቅን። አስር ሰዓት ላይ ተበተንን።»

«በምን ተሳሳቃችሁ?»

«በነርሷ ነዋ። ሦስታችንም የምንሠራው አንድ ዓይነት ሻል ነው፤ የጀማሪ። የሷ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ... ‹እህቴ፣ ይሄ ሻል ነው ወይስ ክራቫት?› አልኳት። ፊደሏ እንኳ ሳቀች፤ እሷ ደግሞ ለመሳቅ ፈቃድ የምትጠይቅ ሴት ናት።»

«ነርሷስ?»

«ነርሷ መቼ ትስቃለች? ‹አርባ ዓመት እጄ ተሳስቶ አያውቅም› አለችን። የሰው ክንድ መውጋትና ክር መውጋት አንድ መሰላት።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «ስለ ልጅቷ ከሆነ የጠሩኝ፣ እኔ ክፉ አልናገርም። ግን የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የፊደሏን ደግነት ልጇ ወርሳለች ብዬ አልምልም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ፊደሏ ይህን ሰማች። ሌላ ሰውም አለመማሉ ሊያጽናናት ይገባ ነበር፤ ይልቁንም አንገበገባት።

ነርሷ ስትመጣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሻሏን ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ይዛ ወደ ቤቷ መሄዷን፣ ከዚያም አለመውጣቷን ተናገረች። ቤቷ አልጋ ላይ የዋለች እህት አለቻት፤ ሽባ ናት። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለባት።

«ሻሉ ለእሷ ነው?»

«ለእሷ ነው። እጇ ይበርዳታል፤ ጓንት ማጥለቅ አይቻልም፣ ጣቶቿ ታጥፈው ቀርተዋል። በሻሉ ኪስ ውስጥ ሲከተቱ ይሞቃሉ።»

«አልቋል?»

«ዛሬ ይቋጫል።»

መርማሪው አመሰገናት። ነርሷ ስትወጣ በፊደሏ አጠገብ አልፋ ትከሻዋን ዳሰስ አደረገቻት። «በርቺ» አለቻት። ፊደሏ የሐኪም ወረቀት በመጣ ቁጥር ይዛ የምትሮጠው ወደዚህች ሴት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሰልችቷት አያውቅም።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

«እናቴ፣ ቀኝ እጅዎ ከጠዋት ጀምሮ ከሻልዎ ኪስ አልወጣም» አለ መርማሪው።

ፊደሏ ደነገጠች። ኪሷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበረ። ጠዋት ልጇን ወደ ማዶ ክፍል ሲወስዷት ትታው ከሄደችው ካፖርት ውስጥ ያገኘችው ነው። የመጽሐፉን ፊደል ተምራለች፤ ይህ ግን በእጅ የተጻፈ፣ ፊደሉ እየተጎተተ የተያያዘ ነው። ልታነበው አልቻለችም፤ እንዳታስነብበው ልጇን የሚያሰጥም ቢሆንስ? እንዳትቀደው ደግሞ የሚያድናት ቢሆንስ? አንድ ቀን ሙሉ በላብ እስኪርስ ጨብጣው ዋለች።

«የልጄ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም። ክፉም ከሆነ... ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»

መርማሪው አነበበው። ሁለተኛም አነበበው። ከዚያ አጥፎ ወደ ደረት ኪሱ ከተተው።

«የሚጣራ ነገር አለው። ሐሙስ ሁላችሁም እዚህ እንገናኛለን። ሻላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያለቀውም ያላለቀውም ይምጣ።»

«ልጄስ?»

«እሷም ትመጣለች።»

እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ለፊደሏ ጊዜ አልነበረም። ጣቢያው በር ላይ ሁለት ቀን ቆመች። ምግብ ተቀበሏት፤ ልጇን ግን አላሳዩዋትም። ረቡዕ ዕለት የመለሱላት የምግብ ዕቃ እንደተሞላ ነበር። ለማን ትናገር? ምን ብላስ ትናገር? የምታውቀው ነገር ሁሉ ኪሮሽ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመምህርቷ ክፍል ተሰበሰቡ። የመምህርቷን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። ልጅቷ ከፖሊሷ ጋር በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፊደሏ አጠገቧ ልትሄድ ተነሥታ ነበር፤ ልጅቷ ግን መስኮቱን እያየች ስለነበር መልሳ ተቀመጠች።

መርማሪው ሦስቱን ግራጫ ሻሎች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«እኔ ስለዚህ ሥራ ምንም አላውቅም» አለ። «ፊደሏ ያስረዱኝ። እንደ ጀማሪ ያስተምሩኝ።»

ሰው ፊት አስተምሪ ተብላ አታውቅም። የራሷን ሻል ጫፍ ያዘች።

«ቀላል ነው ጌታዬ። ረጅም አራት ማዕዘን ነው። መጀመሪያ አርባ ዓይን ይሠራል። ዓይን የምንለው መርፌው የሚገባበትን ቀለበት ነው። ከዚያ በአርባው ላይ ሄዶ መመለስ ነው፤ ረድፍ በረድፍ። ከአንገት ዞሮ በሁለቱም በኩል እስከ ጉልበት ሲደርስ ይበቃል። ሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ይታጠፉና ጎን ጎናቸው ይሰፋል። ኪስ ይሆናል። እትዬ ‹ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ቀጥ ብለሽ ተመለሽ፣ መጨረሻ ላይ እጠፊ› ትል ነበር።»

«ጀማሪ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?»

«የረድፉ መጨረሻ ላይ። የመጨረሻዋ ዓይን ከጠርዙ ዞር ብላ ትደበቃለች። ያላወቀ ሰው ይዘላታል። አርባው ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል፤ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። ሳይታወቅ ይጠብባል።»

«መምህርቷ ይህን መጀመሪያ አትናገርም ነበር?»

«አትናገርም። ‹ያልጠፋብሽን ብነግርሽ አትፈልጊውም› ትላለች። መጀመሪያ እንሳሳታለን። ከዚያ ብቻችንን ትጠራንና እስከ ስሕተቱ ትፈታዋለች። ያን ጊዜ ነው የመጨረሻዋን ዓይን የምታሳየን። ለሌላ እንዳንናገርም ታስምለናለች።»

«ለእርስዎ መቼ አሳየችዎ?»

«ከአምስት ሳምንት በፊት።»

«ለእርስዎስ?» አለ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ።

«ከወር በፊት። የሠራሁትን በሙሉ ፈታችብኝ። ቤቴ ገብቼ ሰደብኳት፣ ነፍሷን ይማር።»

«ለነርሷ ነግረዋታል?»

«እኔ? አፌን በመርፌ ብሰፋው ይሻለኛል። ክራቫቷ እኮ መሳቂያዬ ነበር።»

ፊደሏም አልነገርኩም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ ፊደሏ፣ የሦስቱንም ጠርዝ ይቁጠሩልኝ።»

ፊደሏ ማንበብ ቢያቅታት መቁጠር አያቅታትም። በጣቷ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። የራሷ ሻል ከጫፍ እስከ ጫፍ አርባ። የልብስ ሰፊዋም አርባ። ወደ ሦስተኛው መጣች። በአንዱ ጫፍ አርባ አገኘች። ከዚያ ሠላሳ ስምንት፤ ዝቅ ስትል ሠላሳ አምስት፤ ከመካከል አልፋ ሠላሳ አንድ። ቀጠለች። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ። እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ሠላሳ አንድ። እጇ ቆመ።

«ምን አገኙ?»

«ከዚህ ወዲህ... አልጎደለም።»

«ተመልከቱ» አለ መርማሪው። «የልብስ ሰፊዋና የፊደሏ ሻል ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው፤ መምህርቷ እስከ ስሕተቱ መጀመሪያ ፈትታዋለችና። ይህኛው ግን ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ ትክክል ነው። ሰኞ አስር ሰዓት ላይ እስከ ጫፉ ይጠብብ ነበር፤ ሁለት ሰዎች አይተው ስቀውበታል። ስለዚህ ሠሪዋ ምሥጢሩን የተማረችው ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። የምታስተምረው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ያቺም ያንኑ ቀን ሞተች።»

ነርሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ነበር። «ራሴ ነኝ የደረስኩበት» አለች። «ማክሰኞ፣ ቤቴ ሆኜ።»

«ሊሆን ይችላል። እባክዎ አንድ ረድፍ ይሥሩልን።»

የኪሮሽ መርፌና ክር ሰጣት። ነርሷ በጥንቃቄ ሠራች። ሁሉም እጇን አዩ። ፊደሏ ግን በዚያች ቅጽበት ፊቷን እያየች ነበር። ነርሷ የረድፉ መጨረሻ ስትደርስ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጥፍር ገልበጥ አደረገችው። ያን ጊዜ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ።



«ምን አዩ?» አለ መርማሪው፤ እሱ ደግሞ ያየው የፊደሏን እጅ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳዋለች።

 በአንድ በኩል የሐኪም ወረቀት ሳትሰለች የምታነብላት ሴት አለች። በሌላ በኩል መስኮት የምታይ ልጅ። የቱን ብትጎትት የሚፈታው ሌላው ነው።

«‹ነይ ውጪ› አለች» አለች በመጨረሻ። «ለዓይኗ። እትዬ ነበረች እንዲህ የምትለው። ጠርዙን በጥፍሯ ትገልጥና እንደ ተደበቀ ሕፃን ‹ነይ ውጪ› ትላታለች። ለብቻችን ስንሆን እንጂ ሌላ ጊዜ ብላው አታውቅም። እኔም ሳላስበው እለዋለሁ።»

«እኔም» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። አልሳቀችም።

መርማሪው ከወረቀቱ ውስጥ የተጠቀለለውን ክር አወጣ። «መምህርቷ ስሕተቱ የጀመረበት ሳትደርስ መፍታት አታቆምም። እዚህ ላይ ግን ቆሟል፤ ሠላሳ አንዱ ላይ። የቆመው የሚፈታው እጅ ስለቆመ ነው። ክሩ የተበጠሰውም እዚሁ ነው። በኋላ የተቀጠለበትን ቋጠሮ ፊደሏ በጣቷ አልፋዋለች።»

 ነርሷ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጫፉ ሰው እንዳይወጋ ወደ ራሷ አዞረችው።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነይ ብላኝ ነበር» አለች። «በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ፎቅ ወጣን። አንዴ አሳየችኝ፤ ገባኝ። ከዚያ መፍታት ጀመረች። ተዪው አልኳት። ጠባብም ቢሆን ይሞቃል አልኳት። በሌላ ስሕተት ሁለት ጊዜ ፈትታብኛለች፤ እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ‹ደረሰ?› ትለኛለች። አልሰማችኝም። ክሩን እየሳበች ደረጃው አፍ ላይ ደረሰች። ሻሉን ከዚህ ሳብኩት፤ እሷ ከዚያ ሳበች። ክሩ ተበጠሰ።»

የእጅ ሰዓቷን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ትንፋሽ አልነበራትም። አርባ ዓመት ትንፋሽ ስቆጥር የኖርኩ ነኝ፤ አልሳሳትም። ጭንቅላቷ ግን መሬቱ ላይ... ትራስ አደረግሁላት። ልጮህ ነበር። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ፤ እህቴን የምገለብጥበት ደርሶ ነበር። እኔን ከወሰዱኝ ማን ይገለብጣታል?»

«ልጄን ሲወስዷትስ?» አለች ፊደሏ።

ነርሷ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «እሷ ወጣት ናት፤ ይለቋታል ብዬ ነው» አለች።

መርማሪው ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። «ሰኞ የት እንደነበርሽ አጣርቻለሁ። ለእናትሽ ግን አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል።»

ልጅቷ ወረቀቱን አልከፈተችውም፤ በቃሏ ታውቀዋለች።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። «ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት። ሰኞ እዚሁ ለፈተና ቀርቤ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ቆየሁ፤ አለፍኩ። እትዬ ታውቃለች። እሑድ የተጣላነው ‹ለእናትሽ ንገሪ› ስላለችኝ ነው። ‹ስነግራት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ እቀራለሁ› አልኳት።»

«ልጄ...»

«ልቀር ነበር እኮ። ሰኞ እያለቀስኩ የመጣሁት ልቀር ቆርጬ ነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። «መማል ይቅር። ራስሽን እንኳ አልነቀነቅሽም።»

ፊደሏ የምትለው ነበራት። ያላየሁትን አልምልም ልትል፣ ሆዴ ግን ያውቅ ነበር ልትል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም አይጠቅምም። ዝም አለች፤ እንደ ማክሰኞው።

ነርሷ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ዞር አለች። «አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ግራ ነው የምትገለበጠው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ሻሉን መርማሪው በማስረጃነት ወሰደው።

ፊደሏ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽባዋ ሴት ቤት ነበረች። አስተማሪ አልነበራትም፤ እየፈራች ወደ ግራ ገለበጠቻት።

«እህቴ የት ሄደች?» አለች ሴትዮዋ።

«ትመጣለች» አለች ፊደሏ፤ ያላየችውን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጅቷ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። እናቷ ይሙቅሽ ብላ የሰጠቻትን ግራጫ ሻል አልጋው ላይ አጥፋ ትታዋለች። ፊደሏ ሁለቱንም ኪሶች በእጇ ፈተሸቻቸው፤ ወረቀት ቢኖር ፊደሉ እየተጎተተም ቢሆን ለማንበብ ትሞክር ነበር። አልነበረም። ሻሉን ይዛ ወጣች፤ የሽባዋን የታጠፉ ጣቶች አንድ በአንድ ኪሱ ውስጥ ከተተቻቸው።

ነርሷ ተወሰደች፤ ልጅቷ ሄደች። የቀሩት አልጋ ላይ ያለችውና በየሁለት ሰዓቱ የምትገለብጣት ናቸው።